አንካሳው ጆይስቲክ፦ ጌም የሠራው ሰው ራሱ ሲጫወት

ፉአድ፦ ሰላም ናችሁ ወገን! ዛሬም ከጅማ ነን። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነው፤ ድምፁ ከገባ አትቀየሙን።

ሜሮን፦ ይገባል እንጂ፣ ማይኩ መስኮት ሥር ነው ያለው።

ፉአድ፦ የዛሬው ርዕሳችን ጌም የሠሩ ሰዎች ኦንላይን ገብተው ከደጋፊዎቻቸው ጋር ስለሚያደርጉት የወዳጅነት ግጥሚያ ነው። ግን መጀመሪያ አንድ ነገር ላውራ።

ሜሮን፦ የጆይስቲኩን ታሪክ?

ፉአድ፦ የጆይስቲኩን።

ሜሮን፦ እኔ ሦስት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። እነሱ ግን አልሰሙም፣ ቀጥል።

ፉአድ፦ ስምንተኛ ክፍል ነኝ። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ አንድ ፕሌይስቴሽን ቤት ነበር። ጠባብ ክፍል ናት። ሁለት ቴሌቪዥን፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ አራት የጅማ በርጩማ። በርጩማ ላይ ያለው ይጫወታል፣ አግዳሚው ላይ ያለው ተራ ይጠብቃል። የተሸነፈ ከፍሎ ይነሳል።

ሜሮን፦ ጨዋታው ፔስ ነው አይደል፣ የእግር ኳሱ ጌም?

ፉአድ፦ ፔስ ነዋ! እኛ ሰፈር ሌላ የሚከፈት ጌም አልነበረም። ከአራቱ ጆይስቲኮች ደግሞ አንዱ አንካሳ ነው። የግራ እጇ አናሎግ፣ ያቺ ተጫዋቹን የምታንቀሳቅሰው ዘንግ፣ ሳትነኪያት ወደ ላይ ትሄዳለች። ኳስ ወደ ኋላ ልትመልሺ ስትይ ተጫዋችሽ መስመር ይዞ ይሮጣል።

ሜሮን፦ ተራህ ሲደርስ እሱ ከደረሰህ አለቀልህ።

ፉአድ፦ አለቀልሽ! ባለቤቱን ጋሼ ነበር የምንለው። «ጋሼ፣ ይሄ ጆይስቲክ ተበላሽቷል» እንለዋለን። «አያያዛችሁ ነው» ይለናል። ሁለት ወር ሙሉ። አያያዛችሁ ነው፣ አያያዛችሁ ነው።

ሜሮን፦ እሱ አይጫወትማ።

ፉአድ፦ እኮ! በሩ ላይ ተቀምጦ ሂሳብ ይቀበላል። አንድ ቅዳሜ ጠዋት እንደዛሬው ዝናብ ነው። ከኔ በቀር የመጣ የለም። «ና እስቲ፣ እኔና አንተ» አለኝ። ከዛ አንካሳውን ጆይስቲክ ራሱ አነሳ።

ሜሮን፦ አውቆ?

ፉአድ፦ እኔ አውቆ ነው እላለሁ።

ሜሮን፦ እኔ ደግሞ ስለቀረበው ነው እላለሁ። በየሳምንቱ የምንጣላው እዚች ጋ ነው።

ፉአድ፦ ይሁን፣ ስለቀረበው ነው። 3 ለ 0 እየመራሁት ነው። አጥቂው ብቻውን ወጣ። በረኛዬን አልፏል፣ ጎሉ ባዶ ነው። ተጫዋቹ ኳሷን ይዞ ወደ ማዕዘን ሮጠ። ጋሼ ጨዋታውን አቆመ። ጆይስቲኩን አገላበጠው። መልሶ አስጀመረውና አውራ ጣቱን ከአናሎጓ ላይ አነሳ። ስክሪኑ ላይ ተጫዋቹ አሁንም ይሄዳል። ዞሮ አየኝና «ሁለት ወር በዚህ ነው የምትጫወቱት?» አለኝ። ወላሂ፣ ድምፁ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ሜሮን፦ ማታውንም ንገራቸው።

ፉአድ፦ ማታ በዛ ሳልፍ ጆይስቲኩን ፈታትቶ ጋዜጣ ላይ ዘርግቶታል። በጥጥና በአልኮል አንድ በአንድ ይጠርጋል። ሰኞ ስንሄድ አናሎጓ ቀጥ ብላ ቆማለች።

ሜሮን፦ ፉአድ፣ ርዕሱ።

ፉአድ፦ ርዕሱ እኮ ይሄ ነው! ጌም የሠራው ሰው ካልተጫወተ አያያዛችሁ ነው ይላል። ቡንጂ የሚባለውን የጌም ስቱዲዮ ውሰጂ። ሄሎ 3 የሚባለውን ጌም በ2007 መስከረም ላይ አወጡ፤ ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው። ከዛ ረቡዕ ረቡዕ «ሃምፕዴይ ቻሌንጅ» የሚሉት ነገር ነበራቸው። ረቡዕ የሳምንቱ ወገብ ነው፤ ስሙም ከዛ ነው። የስቱዲዮው ሠራተኞች ቡድን ሠርተው ከተጫዋቾች ቡድን ጋር ይገጥማሉ። የሆነውንም ራሳቸው ይጽፉታል። ሽንፈታቸውንም ጭምር!

ሜሮን፦ ጥሩ ማስታወቂያ ነው።

ፉአድ፦ ማስታወቂያ አይደለም።

ሜሮን፦ ፉአድ፣ ማስታወቂያ ቢሆንስ ምን ነውር አለው? ሰው ስለ ጌሙ እንዲያወራ ፈልገዋል። ሌላ ልጨምርልህ። ጂቲኤ 4 በ2008 ሲወጣ፣ ደረጃ በሚያሰጥ የኦንላይን ግጥሚያ ላይ የጌሙን ሠሪ የሮክስታርን ሠራተኛ ለገደለ ተጫዋች አቺቭመንት፣ የሽልማት ምልክት ማለት ነው፣ ነበረው። ያንን ለማግኘት ስንቱ ነው ሲያሳድዳቸው የነበረው! ይሄ አደን ነው እንጂ ወዳጅነት አይደለም።

ፉአድ፦ ግን ልትገድያቸው መጀመሪያ እዛ መገኘት አለባቸው። እንዳንቺው ሰርቨር ላይ፣ እንዳንቺው እየሞቱ። ጋሼ በርጩማው ላይ ተቀመጠ እኮ ነው የምልሽ።

ሜሮን፦ ጋሼ ማስታወቂያ አልሠራም።

ፉአድ፦ እሺ፣ እሱ ልክ ነሽ። ትንሽ ማስታወቂያ አለበት። ግን ትንሽ ነው።

ሜሮን፦ ትንሽ አይደለም፤ እለፈው።

ፉአድ፦ ነገሩ ድሮም የነበረ ነው። ዱም የሚባለው የተኩስ ጌም በታኅሣሥ 1993 ሲወጣ ከሠሪዎቹ አንዱ ጆን ሮሜሮ ነው። ተጫዋቾች እርስ በርስ ለሚገዳደሉበት ግጥሚያ «ዴዝማች» የሚለውን ስም ያወጣው እሱ ነው። ቢሮ ውስጥ ተቀምጠው እርስ በርስ እየተታኮሱ ነው ጌሙን ያበሰሉት። ሌላው ጆን፣ ካርማክ፣ በ1997 ኩዌክ ለሚባለው ጌም ውድድር አሸናፊ የራሱን ፌራሪ ሰጠ። ትሬሽ የሚባለው ዴኒስ ፎንግ ነው የወሰደው።

ሜሮን፦ የራሱን መኪና?

ፉአድ፦ ሲነዳት የነበረችውን! ጋሼ ለኔ አንድ ነፃ ጨዋታ ሰጠኝ። እኔ ከፌራሪ አላሳነስኩትም።

ሜሮን፦ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ገንቢው ሆን ብሎ ቢለቅልህስ? ደጋፊ ነው፣ ደስ ይበለው ብሎ?

ፉአድ፦ ኧረ በጭራሽ! መልቀቅ ንቀት ነው።

ሜሮን፦ እዚህ ላይ ተስማማን። እኔን ሰው 5 ለ 0 ቢያሸንፈኝ ይሻለኛል። ትንሹ ወንድሜ ዳማ ላይ ሲለቅልኝ ዓይኑ ላይ አየዋለሁ። ጠጠሩን በትኜ ነው የምነሳው።

ፉአድ፦ አሁን ወደኛ እንምጣ። ቡንጂዎች ያኔ ዋሽንግተን ግዛት፣ ሲያትል አጠገብ ነበሩ። በክረምታቸው ረቡዕ ማታ 1 ሰዓት ላይ ቢገጥሙ፣ ጅማ ላይ ሐሙስ ንጋት 12 ሰዓት ነው።

ሜሮን፦ ለሱማ እነሳለሁ።

ፉአድ፦ ብትነሺም ፒንጉ አለ፣ መልእክት ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ። ከዚህ እዛ በቀጥታ መስመር ከ13,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ደርሶ ሲመለስ ከ130 ሚሊ ሰከንድ በታች ሊሆን አይችልም። ኬብሉ ደግሞ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ዞሮ ዞሮ ነው።

ሜሮን፦ እና 130 ብዙ ነው?

ፉአድ፦ ተከን የሚባለው የፍልሚያ ጌም በሰከንድ 60 ፍሬም፣ 60 ምስል ማለት ነው፣ ያሳያል። 130 ሚሊ ሰከንድ ማለት ወደ 8 ፍሬም ነው። ፈጣኑ ጡጫ 10 ፍሬም ነው። ቡጢው ሲነሳ ሳታዪው ፊትሽ ላይ አረፈ!

ሜሮን፦ አሁን ገባኝ። ይሄም አንካሳ ጆይስቲክ ነው።

ፉአድ፦ ነው! ይሄን የፈታው ደግሞ ማን መሰለሽ? ተጫዋች! ቶኒ ካነን ይባላል። ኢቮ የተባለውን ትልቅ የፍልሚያ ጌም ውድድር ከመሠረቱት አንዱ ነው። ስትሪት ፋይተር 2 ለኤክስቦክስ 360 ኦንላይን ሲመጣ አጨዋወቱ አልተመቸውም። ቁጭ ብሎ ጂጂፒኦ የሚባል ነገር ሠራ። ቀድሞ ምን እንደምትጫኚ ይገምታል፤ ከተሳሳተ ወደ ኋላ ተመልሶ ያርማል። ሮልባክ የሚባለው ማለት ነው። በ2019 ኮዱን ለሁሉም ክፍት አደረገው።

ሜሮን፦ አየህ፣ እሱ ገንቢ ሆኖ አይደለም የተጫወተው። ተጫዋች ሆኖ ነው የገነባው። ያንተ ቡንጂ ከሱ አይበልጥብኝም።

ፉአድ፦ ሁለቱም አንድ ነው።

ሜሮን፦ አንድ አይደለም። ካነን ራሱ ነው የተቸገረው፤ እነዛ እንግዳ ሆነው ነው የመጡት።

ፉአድ፦ እንግዳም ቢሆን ይምጣ! አለመምጣት ነው ክፉ። ምን ይመስልሻል፣ ዩኒቨርሲቲ ያሉት ልጆች የላኩልንን ጌም አይተሽዋል?

ሜሮን፦ የገበጣውን? ሁለት ሰው በስልክ የሚጫወተውን? ትላንት ማታ ስጫወተው ነው ያመሸሁት። ጠጠር ስታነሳ ጣትህን ትንሽ ከሳትክ ጎረቤት ጉድጓድ ነው የሚነሳው።

ፉአድ፦ ነግረሻቸዋል?

ሜሮን፦ ነገርኳቸው። «በኛ ስልክ ደህና ይሠራል» አሉኝ።

ፉአድ፦ አያያዛችሁ ነው!

ሜሮን፦ እንደዛ አላሉም፣ ጨዋ ልጆች ናቸው። ግን ስልካቸው ትልቅና አዲስ ነው።

ፉአድ፦ ቅዳሜ ከዐስር በኋላ እዚሁ እንጥራቸው። ቡና እናፈላለን። እነሱ በአንድ ወገን፣ አድማጮቻችን በአንድ ወገን። ከዩኒቨርሲቲው እዚህ በባጃጅ የሚያስኬድ መንገድ ነው፣ ፒንግ የለም ምን የለም!

ሜሮን፦ እኔ ከአድማጮች ጋር ነኝ። ገበጣ ከአያቴ ነው የተማርኩት፣ አልለቅላቸውም።

ፉአድ፦ አትልቀቂ። ስልኩን ግን እኛ ነን የምንሰጣቸው። የኔን እንስጣቸው።

ሜሮን፦ የተሰነጠቀውን?

ፉአድ፦ የተሰነጠቀውን። በቀኝ በኩል ንክኪ አይሰማም፤ አስቀድመሽ እንዳትነግሪያቸው።