እጅ በማውጣት መምረጥ ይብቃን፦ ለማኅበረሰብ ሬዲዮ ጣቢያ ጠቅላላ ጉባኤ የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ የጠቅላላ ጉባኤው አባላት፣ የሥራ አመራር ቦርድ አባላት፣ በበጎ ፈቃድ የምታገለግሉ አዘጋጆችና ቴክኒሻኖች፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የተገኛችሁ እንግዶች፤

የመተዳደሪያ ደንብ ማሻሻያ ኮሚቴው ባቀረበው ረቂቅ ላይ ውይይት ከመጀመሩ በፊት ማብራሪያ እንድሰጥ ስለተፈቀደልኝ አመሰግናለሁ። የምናገረው አባላት ቦርዱን ስለሚመርጡበት መንገድና አካል ጉዳተኛ አባላት በጣቢያው ስለሚኖራቸው ተደራሽነት ነው። ኮሚቴው ሁለቱን ጉዳዮች በአንድ ምዕራፍ ያስቀመጣቸው ሆን ብሎ ነው፤ ድምፁን በነፃነት መስጠት ያልቻለ ሰው መዋጮ ከፋይ እንጂ አባል ሊባል አይችልምና።

እስካሁን ቦርዱን የመረጥነው እጅ በማውጣት ነው። አሠራሩ ፈጣን መሆኑን፣ ወጪም እንደማይጠይቅ አልክድም። ይሁን እንጂ ተበዳሪ ከአበዳሪው፣ የዕድር አባል ከዕድሩ ዳኛ አጠገብ ተቀምጦ እጁን ሲያወጣ የሚመርጠው እሱ ራሱ ይሁን ይሉኝታው ለመለየት ይቸግራል። ማየት የተሳነው አባላችን ደግሞ የእሱን እጅ አዳራሹ በሙሉ ሲያየው እሱ የማንንም አያይም፤ ቆጠራው ትክክል መሆኑንም የሚያውቀው በሰው ቃል ብቻ ነው። መስማት የተሳናት አባል የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ከሌላት የትኛው ዕጩ እንደተጠራ ሳታውቅ የጎረቤቷን እጅ ተከትላ ታወጣለች፤ እኛም ድምፅ ሰጠች ብለን እንቆጥራታለን።

ረቂቁ በዚህ ፈንታ ምስጢራዊ የወረቀት ምርጫን ያስቀምጣል። ማየት ለተሳናቸው መራጮች የታሰበው መሣሪያ ከወፍራም ካርቶን የሚሠራ ማቀፊያ ነው። የድምፅ መስጫ ወረቀቱ በውስጡ ይገባል፤ በእያንዳንዱ ዕጩ ስም ትይዩ አንድ ቀዳዳ ይከፈታል፤ ከቀዳዳው ጎን የዕጩው ተራ ቁጥር በብሬል ይጻፋል፤ ብሬል ለማያነቡ ደግሞ በጣት የሚዳሰሱ ጉብታዎች በቁጥሩ ልክ ይደረደራሉ። ወረቀቱ ተገልብጦ እንዳይገባ የላይኛው ቀኝ ጥጉ ይቆረጣል። የዕጩዎቹ ስምና ተራ ቁጥር ከምርጫው አስቀድሞ ባሉት ቀናት በራሳችን ሞገድ ደጋግሞ ይነበባል። የሬዲዮ ጣቢያ ባለቤቶች ሆነን ሳለ የዕጩዎችን ዝርዝር በግድግዳ ወረቀት ብቻ ስናስታውቅ መኖራችን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያስገርማል።

ረዳት የሚፈልግ መራጭ ረዳቱን ራሱ ይመርጣል፤ ዕጩ የሆነ ሰው ግን ረዳት ሊሆን አይችልም። ሐሳቡ የእኛ ፈጠራ አይደለም። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 29 ምስጢራዊ ድምፅ መስጠትንና በራስ ምርጫ የሚደረግ እርዳታን ይደነግጋል። ይህ ስለ መንግሥታዊ ምርጫ የተጻፈ ነው የሚል የሕግ ባለሙያ በመካከላችን ቢኖር አልከራከረውም፤ ያው አንቀጽ ግን መንግሥታዊ ባልሆኑ ማኅበራት ውስጥ ስለሚደረግ ተሳትፎም ይናገራል።

ስለ አባልነት ኮሚቴው የውጭ ልምድም ተመልክቷል። በአሜሪካ የፓሲፊካ ፋውንዴሽን፣ እ.ኤ.አ. በ1949 በበርክሊ በተከፈተው ኬፒኤፍኤ በተባለ የሬዲዮ ጣቢያ የጀመረውና ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት ዋሽንግተንም ጣቢያ ያለው ድርጅት፣ አድማጮች የየጣቢያውን ቦርድ ይመርጣሉ። በመተዳደሪያ ደንቡ አባል ለመሆን በዓመት ቢያንስ 25 ዶላር መስጠት ወይም ሦስት ሰዓት በበጎ ፈቃድ ማገልገል ይበቃል፤ በችግር ምክንያት መክፈል ያልቻለና በአካል ጉዳትም ማገልገል ያልቻለ ሰው በቦርዱ ውሳኔ አባልነት ሊሰጠው ይችላል። እኛም ይህንን ወስደናል። የምርጫ ሥርዓታቸውን በሙሉ ግን አልቀዳንም፤ በየጊዜው የሚበላው ገንዘብና ጉልበት እዚያው ሲያነታርክ የኖረ ነው፤ የእኛም አቅም አይችለውም።

ወደ ሕንፃው ልምጣ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች የሚመች መግቢያ እንዲኖራቸው ደንግጓል። የመግቢያችን ደረጃዎች በድምሩ 45 ሴንቲ ሜትር ከፍታ አላቸው። በስፋት በሚሠራበት መለኪያ ለአንድ ሴንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ስለሚያስፈልግ፣ ራምፑ (ለዊልቸር የሚሠራው ተዳፋት መወጣጫ) 5 ሜትር ከ40 ይሆናል ማለት ነው። ሳንቃ ጣል ይደረግበት የሚል አስተያየት በቅንነት ቀርቦ ነበር፤ ነገር ግን አጭር ሳንቃ ቁልቁለቱን ስለሚያከፋው በዊልቸር የሚመጣውን ሰው መልሶ የሰው ሸክም ያደርገዋል።

ስቱዲዮው ውስጥ ያለው ችግር በአንፃሩ በትንሽ ገንዘብ የሚፈታ ነው። ማየት የተሳነው አዘጋጃችን ቀዩ መብራት መብራቱን ስለማያይ አየር ላይ መግባቱን የሚያውቀው ቴክኒሻኑ ትከሻውን ሲነካው ነው፤ ቴክኒሻኑ ለአንድ አፍታ ከተዘናጋ ግማሽ ዓረፍተ ነገር ይጠፋል። በጆሮ ማዳመጫው ውስጥ አጭር የድምፅ ምልክት እንዲሰማ ማድረግ ይበቃል። በኮምፒውተሩ ላይ የሚጫነው ኤንቪዲኤ የተባለው የስክሪን ማንበቢያ ደግሞ ማየት የተሳናቸው ባለሙያዎች የጀመሩትና ያለ ክፍያ የሚገኝ ነው።

መስማት የተሳናቸውን ሰዎች ሬዲዮ ምን ይጠቅማቸዋል የሚል ጥያቄ በኮሚቴው ውስጥ ተነስቶ ነበር። የውኃ መቋረጥ፣ የክትባት ዘመቻና የመንገድ መዘጋት እነሱንም ይመለከታቸዋል። ስለዚህ የዕለቱ ዜና አዘጋጁ ከሚያነበው ጽሑፍ ተወስዶ በቴሌግራም ገጻችን እንዲወጣ ሐሳብ አቅርበናል፤ ጽሑፉ አስቀድሞ የተዘጋጀ በመሆኑ ተጨማሪ ሥራው ጥቂት ነው።

የራምፑ፣ የአስተርጓሚው አበልና የምርጫ ቁሳቁሱ ወጪ በዓመታዊ በጀታችን ውስጥ ራሱን የቻለ መደብ እንዲኖረው እንጠይቃለን። ገንዘብ ሲተርፍ ይሠራል የተባለ ነገር በጣቢያችን ሲሠራ አላየሁም።

የማቀፊያው ናሙና በመግቢያው ጠረጴዛ ላይ ስላለ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ሞክሩት፤ ጉድለቱንም ንገሩን። ረቂቁ የሚጸድቀው በነባሩ ደንብ ስለሆነ የዛሬው ድምፅ የሚሰጠው እንደተለመደው እጅ በማውጣት ነው። በመሆኑም የተከበሩ ሰብሳቢ፣ አስተርጓሚዋ የውሳኔ ሐሳቡን ገልጻ እስክትጨርስ ቆጠራው እንዳይጀመር፣ የየረድፉም ቁጥር ጮክ ተብሎ እንዲነገር እንዲያደርጉልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አመሰግናለሁ።