ሰመር በጋ አይደለም፣ ግራጁዌትም ተመራቂ አይደለም

እንዴት ናችሁ ቤተሰብ! ከደብረ ብርሃን ነው። ድምፄ የሚንቀጠቀጠው ፈርቼ አይደለም፣ በርዶኝ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ሆኖ በማለዳ ቪዲዮ መቅረጽ የራስ ጥፋት ነው። ብርድ ልብስም ደርቤያለሁ፣ አትሳቁ። ብርድ ልብስ ፋብሪካ ያለበት ከተማ ተቀምጬ ባልደርብ ነው የሚገርመው።

ዛሬ የምናወራው ስለ ዓለም ባንክ ኢንተርንሺፕ ነው፤ ተማሪ ሆናችሁ ባንኩ ውስጥ ለጥቂት ወራት የምትሠሩበት የሥራ ልምምድ ማለት ነው። ዋናው ቢሮው ዋሽንግተን ያለው፣ እ.ኤ.አ. በ1944 ብሬተን ውድስ በተባለው ጉባኤ የተወጠነው። ደብተር ከፍታችሁ ደመወዝ የምታስገቡበት ባንክ አይደለም። ለመንግሥታት ነው የሚያበድረው። ለእኛም እ.ኤ.አ. በ1950 ለመንገድ ሥራ አበድሮናል። ቆይ፣ ኮሜንት ላይ «የጣርማበርን ዋሻ የሠራው እሱ ነው» ያልከው ወንድሜ፣ እሱን የሠራው ጣሊያን ነው። ብድር አልነበረም፣ ወረራ ነበር!

ወደ ጉዳዩ። ኢንተርንሺፑ ለዓመታት የሄደው በሁለት ወቅት ነው፤ ሰመር እና ዊንተር። እዚህ ጋ ነው ሰው የሚሳሳተው። ትምህርት ቤት ምን ብለው አስተማሩን? ሰመር በጋ፣ ዊንተር ክረምት። በቃ ይሄው ነው ጉዱ። የነሱ ሰመር ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር ነው። በእኛ ከሚያዝያ መጨረሻ እስከ መስከረም ማለት ነው። ሐምሌ በጋ ነው እንዴ? ሐምሌ ላይ ደብረ ሲና ውረዱና ጉሙን ጠይቁት። የነሱ ዊንተር ደግሞ ከኖቬምበር እስከ ማርች ነው፤ ለኛ ደረቁ በጋ። ስለዚህ ስሙን እርሱት። ወሩን ብቻ ያዙ።

አሁን አንድ ነገር ላውራችሁ። አጎቴ መንዝ ነው ያለው፣ ገበሬ ነው። መንዝ ውስጥ በልግም መኸርም ይዘራል። የበልጉ ገብስ ሰኔ አካባቢ ይደርሳል፣ የመኸሩ ደግሞ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ። አንዴ ጥር ላይ ልጠይቀው ሄድኩ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ አንድ ደመና የለም። እሱ ግን ዘሩን ከጎተራ አውጥቶ ሰፌድ ላይ ይለቅማል። አንዷን ፍሬ አንስቶ በጥርሱ ከካት፣ ሌላዋን ጣላት። «ጋሼ፣ ዝናቡ የት አለና ነው?» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና «አንተ ዘር የምትለቅመው ዝናብ ሲጥል ነው?» አለኝ። ብቻውን ሳቀ። እኔም ከተሜ መሆኔን ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ይሄን ታሪክ ለምን አወራሁ? ለሰመሩ ኢንተርንሺፕ ይመዘገብ የነበረው መቼ መሰላችሁ? ከዲሴምበር 1 እስከ ጃንዋሪ 31። ከኅዳር 22 እስከ ጥር 23! አጎቴ ሰፌድ ይዞ የተቀመጠበት ሰሞን ነው። ለዊንተሩ ደግሞ ኦክቶበርን ሙሉ ነበር። መስቀል ካለፈ በኋላ፣ አደይ አበባው ገና ሳይረግፍ። እናንተ ግን መቼ ነው የምትጽፉልኝ? ግንቦት ላይ! «ብሮ፣ ሰመር ደረሰ፣ ሊንኩን ላክልኝ።» ግንቦት ላይ እኮ ሰዉ ሥራ ጀምሯል። ገብሱ አሽቷል። አንተ ገና በሬ ልትዋስ ነው።

እና በልግ ደግሞ የሚታመን ወቅት አይደለም። አንዳንዱ ዓመት ጭራሽ ይቀራል። አጎቴ ግን በልግ ቀረ ብሎ መኸሩን አይተውም። በአንዱ ዙር ያልተመረጠ ለሚቀጥለው ይሞክር። የምዝገባው ቀን ሊለዋወጥ ስለሚችል ደግሞ፣ ከኔ ቪዲዮም ከቴሌግራም ፖስተርም አትውሰዱት። የባንኩ ድረ ገጽ ላይ ራሳችሁ እዩ። ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ ግን እዚህ ጋ አድርጉ፣ ለዚህ ምዝገባው ዓመቱን ሙሉ ክፍት ነው።

ለዓመታት የቆየውን መስፈርት ቶሎ ቶሎ ልበለው፤ እሱም ሊለወጥ ስለሚችል ድረ ገጹ ላይ እዩት። የመጀመሪያ ዲግሪ የያዘ። ማስተርስ ወይም ፒኤችዲ በሙሉ ጊዜ እየተማረ ያለ፣ ከኢንተርንሺፑ በኋላም ወደ ትምህርቱ የሚመለስ። እንግሊዝኛ የግድ ነው። ፈረንሳይኛ ወይም ዐረብኛ ካለ ጥሩ ነው። የሚጠየቀው ሲቪ፣ ለምን እንደምትፈልጉት የሚገልጽ ጽሑፍ እና ዩኒቨርሲቲ እየተማራችሁ መሆኑን የሚያሳይ የምዝገባ ማስረጃ። ትንሹ ጊዜ አራት ሳምንት ነበር። ክፍያው በሰዓት ነው። የጉዞ አበል እንደ ሁኔታው ሊኖር ይችላል፣ የቤት ኪራይ ግን በራስ ነው። አብዛኛው ቦታ ዋሽንግተን ነው፣ ጥቂቱ በየአገሩ ባሉ ቢሮዎች። ትምህርቱም ኢኮኖሚክስ ብቻ አይደለም፤ ግብርና፣ ጤና፣ ትምህርት፣ አካባቢ ጥበቃ ሁሉ አለበት። አለቀ።

አሁን ወደ ኮሜንቶቻችሁ። ባለፈው ቪዲዮ ሥር «ዘንድሮ ተመራቂ ነኝ፣ ማመልከት እችላለሁ?» የሚለውን መቁጠር አቅቶኝ ተውኩት። ችግሩ የናንተ አይደለም። አንዱ ፖስተር ላይ «ለተመራቂ ተማሪዎች» ብሎ ተረጎመው፣ ሌላው እሱን ኮፒ አደረገ። ግራጁዌት ስቱደንት ማለት ጂሲ ማለት አይደለም! ጋዋን ለመልበስ የደረሰ፣ ባነር ይዞ ፎቶ የሚነሳ ማለት አይደለም። ጋዋኑን ለብሶ፣ አውልቆ፣ ተመልሶ ክፍል የገባ ማለት ነው። ድህረ ምረቃ። በዚያ በቆየው መስፈርት አራተኛ ዓመት ከሆናችሁ ጊዜው ገና ነው። ማስተርስ ጨርሳችሁ ቤት ከተቀመጣችሁ ደግሞ አልፏችኋል። በመሐል ያለው ነው የሚፈለገው።

«ኤክስቴንሽን ነው የምማረው፣ ቅዳሜና እሑድ» ያልሽው እህቴ፣ ያንቺ ጥያቄ አሳዝኖኛል። ሙሉ ጊዜ ነው የሚሉት። የክረምት ፕሮግራም የምትማሩ መምህራንም እንደዚሁ። እውነቱን ልናገር፣ ይሄ መስፈርት አይዋጥልኝም። እዚህ አገር ማስተርስ የሚማረው ሰው ብዙው ቀን ሥራ ውሎ፣ ቅዳሜ ሚኒባስ ይዞ የሚመጣ ነው። ገጠር ውስጥ አሥር ዓመት የሠራ የጤና ባለሙያ ከማንም በላይ ለዚያ ባንክ የሚነግረው ነገር ነበረው። ግን መስፈርቱን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም።

ሌላው፣ ፎርም እንሙላላችሁ፣ ቃለ መጠይቅ እናስይዛችሁ ብሎ ብር የሚጠይቅ ካለ ስልኩን ዝጉት። ባንኩ ለማመልከት ሳንቲም አያስከፍልም። አንድ የሰፈሬ ልጅ ከፈለ። ደረሰኝ ላኩልኝ ሲል ብሎክ አደረጉት። የሚያሳፍረው ደግሞ ልጁ ያኔ ሁለተኛ ዓመት ዲግሪ ላይ ነበር፣ መስፈርቱን እንኳ አላሟላም።

በሚቀጥለው ቪዲዮ «ለምን ትፈልገዋለህ» የሚለውን ጽሑፍ አብረን እንጽፋለን። «ከልጅነቴ ጀምሮ ድህነትን እጠላለሁ» ብላችሁ እንዳትጀምሩ፣ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚጀምረው። እስከዚያ ግን አንድ ሥራ አለባችሁ። ሬጅስትራር ሄዳችሁ የምዝገባ ማስረጃ በእንግሊዝኛ፣ ማኅተም ያለበት፣ ጠይቁ። ከምሳ ሰዓት በፊት ሂዱ። ማኅተሙ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎ ቁልፉ ስብሰባ የገባ ሰው ኪስ ውስጥ ሊሆን ይችላል፤ እኔ በዚህ ሦስት ቀን ተመላልሻለሁ። ቻው!