ቺፗ ተቃጥላለች ከማለታችሁ በፊት

ሰላም ለሁላችሁ፣ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ዛሬ ማወራችሁ ስለ አንዲት 8 እግር ስላላት ትንሽ ቺፕ ነው፣ ኤቲታይኒ85። ብዙዎቻችሁ አርዱዊኖ ኡኖ በምትባለው ቦርድ ፕሮግራም ልትጭኑባት ሞክራችሁ ኮምፒውተሩ ላይ ቀይ የስህተት ጽሑፍ ሲመጣባችሁ «በቃ ተቃጥላለች» ብላችሁ ጥላችኋታል፣ ይሄ ነገር ደሞ እኔን በጣም ነው ሚያሳዝነኝ፣ ምክንያቱም እስካሁን ሰው ተቃጠለች ብሎ ካሳየኝ ቺፕ አብዛኛው ምንም አልሆነም ነበር፣ ጥፋቱ ያለው ወይ ሽቦው ላይ ወይ ሴቲንጉ ላይ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። እዚህ ስራ ላይ ሚያወሩት ሶስት ናቸው፣ ኮምፒውተሩ ከኡኖ ጋር ያወራል፣ ኡኖው ደሞ ከቺፗ ጋር። ኡኖው ላይ አርዱዊኖ አይኤስፒ የሚለውን ኤግዛምፕል ፕሮግራም ስትጭኑበት እሱ መሀል ላይ ሆኖ መልእክት አስተላላፊ ይሆናል ማለት ነው። ስለዚ ቀይ ጽሑፍ ሲመጣ መጀመሪያ ምትጠይቁት የትኛው ወሬ ነው የተቋረጠው የሚለውን ነው፣ ጽሑፉ ራሱ ይነግራችኋል እኮ፣ ግን ማንም አያነበውም፣ ቀይ ስለሆነ ብቻ ሁሉም ሽቦ መነቃቀል ይጀምራል።

«ኖት ኢን ሲንክ» ካላችሁ ኮምፒውተሩና ኡኖው አልተግባቡም፣ የቺፗን ሽቦ አትንኩት። ኬብሉ ቻርጅ ብቻ ሚያደርግ እንዳይሆን እዩ፣ ፖርቱን እዩ፣ ከዛ አርዱዊኖ ሶፍትዌሩ ላይ ፕሮግራመር የሚለው ሜኑ ውስጥ ግቡ። እዛ ጋ ሁለት ስማቸው ሚመሳሰል አሉ፣ «አርዱዊኖ አይኤስፒ» እና «አርዱዊኖ አዝ አይኤስፒ»፣ እናንተ ምትፈልጉት ሁለተኛውን ነው፣ የመጀመሪያው ስሙ ከጫናችሁት ኤግዛምፕል ጋር ቢመሳሰልም ሌላ ራሱን የቻለ እቃ ነው። ይሄም ልክ ሆኖ እምቢ ካለ ካፓሲተሯን አስታውሱ። ኮምፒውተሩ ፖርቱን በከፈተ ቁጥር ኡኖው ሪሴት ያደርጋል፣ ሪሴት ሲያደርግ ደሞ የራሱ ቡትሎደር፣ ማለትም አዲስ ፕሮግራም ሚቀበልለት ትንሽ ፕሮግራም፣ ይነሳና ለአይኤስፒው የተላከውን መልእክት እሱ ይቀበለዋል፣ እሱ ሚያዳምጠው በ115200 ቦድ ፍጥነት ነው አይኤስፒው ሚያወራው ግን በ19200 ነው፣ እንዴት ይግባቡ? 10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር የኡኖው ሪሴትና ግራውንድ መሀል ትሰካላችሁ፣ ነጌቲቭ እግሯ ግራውንድ ላይ። ግን አይኤስፒውን ከጫናችሁ በኋላ ነው፣ ቀድማችሁ ከሰካችኋት እሱ ራሱ አይጫንላችሁም።

«ኢንቫሊድ ዲቫይስ ሲግኔቸር» ካላችሁ ግን ደስ ይበላችሁ፣ የመጀመሪያው ወሬ ሰላም ነው ማለት ነው። ሲግኔቸር ማለት እያንዳንዷ ቺፕ ውስጥ የተጻፈ 3 ባይት ስም ነው፣ የኤቲታይኒ85 1ኢ 93 0ቢ ነው፣ 1ኢ አትሜል ማለት ነው፣ 93 ደሞ 8 ኪሎባይት ፍላሽ አላት ማለት። የመጣላችሁ 1ኢ 92 06 ከሆነ ቺፗ በደንብ መልሳለች፣ ኤቲታይኒ45 ነኝ እያለቻችሁ ነው፣ ሜኑው ላይ የመረጣችሁትን ቺፕ ቀይሩ። ሁሉም 00 ወይም ሁሉም ኤፍኤፍ ከሆነ ግን ጭራሽ መልስ የለም።

አንድ ማታ ይሄ 00 00 00 መጥቶብኝ ለሰአታት ስታገል አመሸሁ። ከኡኖው ፒን 10 ወደ ቺፗ እግር 1፣ 11 ወደ 5፣ 12 ወደ 6፣ 13 ወደ 7፣ አምስት ቮልት ወደ 8፣ ግራውንድ ወደ 4፣ ሁሉም ልክ ነው። ነጥቧ ያለችበት እግር 1 ነው፣ ከዛ ከሰአት አቅጣጫ በተቃራኒ ነው ሚቆጠረው፣ እሱም ልክ ነው። ሽቦ ቀየርኩ፣ ቺፕ ቀየርኩ። መጨረሻ ላይ መልቲሜትሩን አንስቼ አንዱን ጫፍ እግር 8 ሌላውን እግር 4 ላይ ስነካው ዜሮ። ዜሮ ቮልት! ትልቁ ብሬድቦርድ፣ ሽቦና ቺፕ ሚሰካበት ቀዳዳ ያለው ሰሌዳ፣ ላይ ዳር ያለችው ቀይ መስመር መሀል ላይ ትቋረጣለች፣ ቀረብ ብላችሁ ካያችሁ ቀለሟ ራሱ እዛ ጋ ክፍተት አላት፣ እኔ ፓወሩን ያስገባሁት በአንዱ ግማሽ ነው ቺፗ ያለችው በሌላው። አንድ ቁራጭ ሽቦ አገናኘሁት፣ ወዲያው 1ኢ 93 0ቢ። ከዛን ቀን ወዲህ ሌላ ምንም ሳልነካ ቮልት ነው ምለካው።

ሌላው ብዙ ሰው ሚሳሳተው ሲሪያል በሚባለው ግንኙነት የለመደ ሰው መላኪያና መቀበያ ይጠላለፋል ብሎ 11ን እና 12ን ያቀያይራቸዋል። እዚህ አይጠላለፍም፣ 11 ሞሲ ነው፣ ወደ ቺፗ መላኪያው፣ 12 ሚሶ ነው፣ ከቺፗ መቀበያው፣ ሞሲ ከሞሲ ሚሶ ከሚሶ ነው። እነዚህ እግሮች ላይ ኤልኢዲ ወይ ሌላ ነገር ካለ ለጊዜው ንቀሉት፣ የቺፗ እግር 8 እና 4 መሀል ደሞ 0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር አድርጉ።

ሰአቷ፣ ማለትም የምትሰራበትን ፍጥነት ሚወስነው ምት፣ ሌላ ጉዳይ ነው። ፕሮግራሙ ገባ፣ ግን በሰከንድ አንዴ ብልጭ ይላል ያላችሁት በ8 ሰከንድ ሆነ። ቺፗ ውስጥ 8 ሜጋኸርዝ ሰአት አለ፣ ከፋብሪካ ስትወጣ ግን ፊውዟ፣ ማለትም ውስጧ የተጻፈው ሴቲንግ፣ ሰአቷን ለ8 እንዲያካፍል ተደርጎ ነው ሚመጣው፣ በ1 ሜጋኸርዝ ነው ምትሰራው። ሜኑ ላይ 8 ሜጋኸርዝ ኢንተርናል መርጣችሁ «በርን ቡትሎደር» በሉ፣ ስሙ አያደናግራችሁ፣ እዚህ ጋ ሚሰራው ፊውዝ መጻፍ ነው። ግን ስትመርጡ ተጠንቀቁ፣ ኤክስተርናል የሚለውን ከነካችሁ ቺፗ የሌለ ክሪስታል፣ ከውጭ ሚሰካ ምት ሰጪ፣ ትጠብቃለች፣ እንደገና 00 00 00። ያኔም አልሞተችም! 16 ሜጋኸርዝ ክሪስታል እግር 2 እና 3 ላይ፣ ከየእግሩ ወደ ግራውንድ 22 ፒኮፋራድ ካፓሲተር አድርጋችሁ ስትሞክሩ ትመለሳለች፣ ከዛ ፊውዙን ወደ ኢንተርናል ትመልሱታላችሁ።

የከበደው አንድ ብቻ ነው፣ ሪሴትን ሚያጠፋው ፊውዝ። እሱ ከተጻፈ እግር 1 ተራ ፒን ይሆናል፣ ኡኖው በዚህ መንገድ ሊያናግራት አይችልም፣ 12 ቮልት ሚሰጥ ፕሮግራመር ያስፈልጋል። እሱም ቢሆን መመለሻ አለው፣ ስለዚ እንደዚህ ያሉትን ለብቻ አስቀምጧቸው።

አሁን ጠረጴዛው ላይ ሜትርና ኡኖ አለ። እምቢ ያለች ቺፕ የያዛችሁ ወደ ፊት ኑ፣ ሽቦውን እንዳለ ተዉት፣ መጀመሪያ 8 እና 4 ላይ እንለካለን።