ስንቁን ማን ፈጨው?

እንደምን አመሻችሁ። ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ወረቀቴን ካልወሰደብኝ ሃያ ደቂቃ ያህል አወራችኋለሁ። ከወሰደብኝ ደግሞ ቶሎ ትገላገላላችሁ።

አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርዕስ «የፌሚኒዝም አስተሳሰብ በታሪክ አጻጻፍ ላይ ያመጣው ለውጥ» የሚል ነው። ከባድ ነው። እኔ እዚሁ ባሕር ዳር የሁለተኛ ደረጃ የታሪክ መምህር ነኝ፤ ስለዚህ ከማውቀው ቦታ፣ ከክፍል ልጀምር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ የካቲት ላይ፣ አድዋን እያስተማርኩ ነበር። ከዓመቱ ሁሉ የምወደው ክፍለ ጊዜ ነው። ሰሌዳው ላይ ቀስት እየሳልኩ ጦሩን ከአዲስ አበባ አስነስቼ፣ ወረኢሉ አድርሼ፣ መቀሌ ላይ ነኝ። አንዲት ተማሪ አርፍዳ ገባች። ሹራቧ ላይ ዱቄት አለ። ወፍጮ ቤት ተልካ ወረፋ ይዟት ነው። እንደ ወጉ ትንሽ ተቆጣሁና ቀጠልኩ። ልንጨርስ ስንል እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ የዘመተው ሰው መቶ ሺህ ከሆነ ስንቁን ማን ፈጨው?»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እኔም ሳቅሁ። «ይሄ ፈተና ላይ አይመጣም» አልኳት።

እስከዛሬ ያሳፍረኛል። ማታ ቤቴ ገብቼ ነገሩ አላስተኛ አለኝ፤ ወረቀት አውጥቼ ሒሳብ ሠራሁ። ለአንድ ሰው በቀን ግማሽ ኪሎ ዱቄት ብንል፣ ግምት ነው፣ ለመቶ ሺህ ሰው በቀን 500 ኩንታል ይመጣል። በእጅ ወፍጮ! ድንጋይ በድንጋይ፣ በጉልበት ተንበርክኮ። የክተት አዋጁ የታወጀው መስከረም 1888 ዓ.ም. ነው፤ ጦርነቱ የካቲት 23። አምስት ወር ተኩል ገደማ። በእርግጥ ሁሉም የበላው እንጀራ አይደለም፤ በሶ አለ፣ ቆሎ አለ፣ ቋንጣ አለ፣ በየመንገዱ ከገበሬው ጎተራ የተወሰደም ብዙ ነው። ግን በሶም ቢሆን ራሱን አይቆላም፣ ራሱንም አይፈጭም።

የዚያን ጊዜ ጦር ስንቅና ትጥቅ የሚባል መምሪያ አልነበረውም። መምሪያው ሴቶቹ ነበሩ። የውጭ አገር ተጓዦች የኢትዮጵያን ጦር ሲያዩ ደጋግመው ከሚጽፉት ነገር አንዱ ከኋላ የሚከተለው የሴት ብዛት ነው፤ እንጨት የሚለቅሙ፣ ውሃ የሚቀዱ፣ የሚጋግሩ፣ ጋን የተሸከሙ። እኛ ደግሞ አዋጁን በቃላችን እንወጣዋለን። አስተውላችሁት ከሆነ አዋጁ የሚያናግረው ወንዱን ነው። ጉልበት ያለህ ተከተለኝ፣ የሌለህ ደግሞ ለልጅህ፣ ለምሽትህ፣ ለሃይማኖትህ ስትል እርዳኝ ነው የሚለው። ምሽቲቱ እዚያ ውስጥ ያለችው የሚታዘንላት ሆና ነው። መንገዱ ላይ ግን ወፍጮ ተሸክማ ከፊቱም ከኋላውም አለች።

እንግዲህ ፌሚኒዝም በታሪክ ላይ ምን አመጣ ብላችሁ ከጠየቃችሁኝ፣ ያቺን ልጅ ከሳቅ አዳናት እላለሁ። ጥያቄዋን የታሪክ ጥያቄ አደረገው።

ነገሩ በአንድ ጀንበር አልመጣም። በ1973 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ ሚሼል ፔሮ የተባለች የታሪክ ምሁር ከባልደረቦቿ ጋር አንድ ኮርስ ከፈተች፤ የኮርሱ ስም ራሱ «ሴቶች ታሪክ አላቸው ወይ?» የሚል ነበር። የምር ጥያቄ ነበር እንጂ ለማሾፍ አይደለም። አሜሪካ ውስጥም ገርዳ ለርነር በዚያው ዘመን የሴቶችን ታሪክ ራሱን የቻለ ትምህርት ለማድረግ ትታገል ነበር። የመጀመሪያው ሥራ ቀላል ይመስላል፤ የተዘለሉትን ሴቶች ፈልጎ መጨመር።

ለእኛም ይሄ ሥራ ይቀረናል። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚል ተረት አለን አይደል? የታሪክ መጻሕፍታችን ተረቱን ቃል በቃል ፈጽመውታል። የውጫሌን ውል አንቀጽ 17 እቴጌ ጣይቱ አጥብቀው ተከራከሩበት፤ ሲያልቅ ግን የምኒልክ ብልህነት ሆኖ አለቀ። መቀሌ ላይ ምሽጉን የያዘውን ጣሊያን ውሃውን ይዞ በጥም ማስጨነቅ የእሳቸው ምክር ነበር፤ ብዙ ጊዜ «ጦሩ ውሃውን ያዘ» ተብሎ ይታለፋል። ምንትዋብንም ውሰዱ። በ1730 እ.ኤ.አ. ዘውድ ጭነው አርባ ዓመት ገደማ በጎንደር ፖለቲካ መሐል የኖሩ ሴት ናቸው። ተማሪዎቼን ማን ናቸው ብላችሁ ብትጠይቋቸው «የኢያሱ እናት» ይሏችኋል፤ ጎበዙ ደግሞ «የኢዮአስ አያት» ብሎ ይጨምራል። ከዚህ ጀልባ ይዛችሁ ደቅ ደሴት ናርጋ ሥላሴ ብትሄዱ ግን፣ ራሳቸው ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ፣ ከእመቤታችን እግር ሥር ተሥለው ታገኟቸዋላችሁ። ዝቅ ብለው የተሣሉ ይመስላል፤ ነገር ግን ማን አሠራው ለሚለው ጥያቄ ከዚያ የበለጠ ፊርማ የለም።

መጨመሩ ጥሩ ነው። ግን አይበቃም፤ እዚህ ላይ ነው ፌሚኒስቶቹ እርስ በርስ የተከራከሩት። በ1977 እ.ኤ.አ. የታሪክ ምሁሯ ጆአን ኬሊ የአውሮፓን ሬኔሳንስ ይዛ፣ ሁሉም ወርቃማ ዘመን የሚለውን፣ ለመሆኑ ሴቶች ሬኔሳንስ ነበራቸው ወይ አለች። መልሷም ቢያንስ በዚያ ዘመን አልነበራቸውም የሚል ነው። ይሄ አደገኛ ጥያቄ ነው፤ የዘመኑን ስም ራሱን ያናጋል። እስቲ ወደ ቤት እናምጣው። «ዘመነ መሳፍንት» እንላለን። መስፍን ወንድ ነው። ታዲያ የራስ ዓሊን እናት እቴጌ መነንን የት እናስቀምጣቸው? ጦር አስከትለው ዘምተው በ1847 እ.ኤ.አ. በካሳ፣ በኋላ ቴዎድሮስ በተባለው፣ የተማረኩ ሴት እኮ ናቸው። ሴት ዘማች ያለበትን ዘመን በመሳፍንት ስም ብቻ ጠርተን ስናበቃ፣ ሴቶች የሉበትም ብለን እንገረማለን።

አሁን ወደ ራሴ ጓዳ ልግባ። ሴት አያቴ የይልማና ዴንሳ ሰው ነበሩ። ፊደል አልቆጠሩም። የርስት ክርክር ሲነሳ ግን ከአቅኚው አባት ጀምረው፣ በማን ወርዶ በማን እንደመጣ፣ እንደ ዳዊት ነበር የሚደግሙት። ግማሹ ሐረግ በሴት ነው የሚያልፈው። በጎጃም ርስት በእናትም በአባትም ይወረሳል፤ አለን ሆበን የተባለ የአንትሮፖሎጂ ሰው ዳሞት ተቀምጦ ይሄንኑ በሰፊው ጽፎታል። ሸንጎ ፊት የሚቆመው ግን ብዙ ጊዜ ባል ወይም ወንድ ልጅ ነው። አያቴ ከኋላ ተቀምጠው አጎቴን በሹክሹክታ ያርሙት ነበር። «እሱን አልወለደችም፣ ሞኝ!» ይሉታል። መዝገቡ ላይ የተጻፈው የማን ስም ይመስላችኋል? የአጎቴ። ዕውቀቱ የማን? በወንድ ያልቅ!

ታዲያ ሁሌም አልተሰረዙም። ዶናልድ ክረሚ የሚባል የታሪክ ምሁር የጎንደር ዘመን የመሬት ውሎችን ሲፈትሽ ኖረ። እነዚህ ውሎች የት ነው ያሉት? በየአብያተ ክርስቲያናቱ የብራና መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ቅጠል ላይ። መሐል ገጹ ወንጌል ነው፤ ዳሩ ላይ እከሌ ለእከሊት ይህን ያህል መሬት ሸጠ ይላል። በ1981 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጥናት የሴቶቹ ጉዳይ ነበር፤ ሴት ሻጭ ሆና፣ ገዥ ሆና፣ ወራሽ ሆና ተገኘች። መጻሕፍቱ ሁለት መቶ ዓመት እዚያው ነበሩ። ክረሚ ወንድ ነው፤ ይሄንንም እዚህ ላላችሁት ወንዶች ሆን ብዬ ነው የምነግራችሁ። ጥያቄው አንዴ ከመጣ በኋላ ማንም ሊያየው ይችላል።

ኅዳግ ካልኩ ዘንድ ከክብራን ጋር ያለኝን ነገር ካልነገርኳችሁ አይሆንም። ክብራን ገብርኤልን ታውቁታላችሁ፤ ከከተማው ቅርብ ነው። ሴት አይገባም። ሥርዓቱ ነው፣ ልከስ አልመጣሁም። ከወንድ መምህራን ጋር የሄድን ጊዜ እነሱ ገቡ፤ እኔ ጀልባው ውስጥ ቀረሁ። ሁለት ሰዓት ፀሐይ ላይ! ወጣቱ ባለጀልባ አዝኖልኝ ብርቱካን ሰጠኝ። የክብራን ብራናዎች በ1960ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ፎቶ ተነሥተው ውጭ አገር ካታሎግ ታትሞላቸዋል፤ ስለዚህ አንዲት ጀርመናዊት ተማሪ አገሯ ቁጭ ብላ የምታነበውን እኔ ሃምሳ ሜትር ርቄ አላየውም። ዘወር ስል ግን ከፊቴ ትንሿ እንጦስ ደሴት አለች፤ የሴት መነኮሳት ገዳም። ያን ቀን ነው ስለ ወለተ ጴጥሮስ በደንብ ማንበብ አለብኝ ያልኩት።

ወለተ ጴጥሮስ የኛው የጣና ሴት ናት። ከ1592 እስከ 1642 እ.ኤ.አ. ኖረች። ባሏ መልክዐ ክርስቶስ የአፄ ሱስንዮስ ባለሟል ነበር። ሱስንዮስ ካቶሊክ ሆነው አገሩንም ካቶሊክ ለማድረግ ሲነሡ ባሏን ጥላ መነነች። ተሰደደች፣ ታሰረች፣ ተከራከረች፣ ተከታይ አፈራች። ሰባት ማኅበር መሠረተች፤ አንዱ እዚችው ዘጌ ነው። ጣና ዳር ያለው ቆራጣ እስከዛሬ በስሟ ይጠራል። እኔ ይህን ዘመን ለዓመታት ሳስተምር የምጠራቸው ስሞች ሱስንዮስ፣ ፋሲል፣ የካቶሊክ ሚሲዮናውያኑ ፔድሮ ፓኤዝና አልፎንሱ ሜንዴዝ ነበሩ። አራት ወንድ። የእርስ በርስ ጦርነት ተነሣ፣ ሱስንዮስ በ1632 እ.ኤ.አ. ለቀቁ፣ ደወል ተደወለ፣ ዕረፍት።

በ2015 እ.ኤ.አ. ገድሏ ሙሉውን ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ ወጣ። ከተርጓሚዎቹ አንዷ ዌንዲ ቤልቸር የምትለው ነገር አለ፤ የኢየሱሳውያኑ፣ የእነዚያ የካቶሊክ ሚሲዮናውያን፣ ዕቅድ እንዲከሽፍ ካደረጉት መሐል የቤተ መንግሥት ሴቶች ዋነኞቹ ነበሩ፤ እናቶች፣ ሚስቶች፣ ሴት ልጆች። ሚሲዮናውያኑ ራሳቸው በጽሑፋቸው በእነዚህ ሴቶች አማርረዋል። ጠላት ጽፎት እኛ አልጻፍነውም ማለት ነው። ልክ አይደለሁም እንዴ? ገድሉ እኮ በግእዝ ነበረ። በ1672 እ.ኤ.አ.፣ ከሞተች ከ30 ዓመት በኋላ፣ ገላውዴዎስ የሚባል መነኩሴ ነው የጻፈው፤ የጻፈውም የሚያውቋት ከነገሩት ነው። ከነጋሪዎቹ ብዙዎቹ አብረዋት የኖሩ ሴቶች መሆናቸውን መገመት አይከብድም። ብዕሩ የገላውዴዎስ፣ ትዝታው የእነሱ። አያቴና አጎቴ!

«ፌሚኒዝም የፈረንጅ ነው» የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ አንዱ ፊት ለፊቴ እየሳቀ ነው። ይሁን። እኔ የምለው፣ ጥያቄው ከየትም ይምጣ፣ መልሱ ቆራጣ ነው ያለው።

አሁን ደስ የማይለው ክፍል። የዚያች ልጅ ጥያቄ ጣይቱን ወይም ወለተ ጴጥሮስን ጠርቶ አያልቅም። እነሱ ወፍጮ ላይ አልነበሩም። በትልልቅ ቤቶች ወፍጮው ላይ የነበረችው ብዙ ጊዜ ገረድ ነበረች፤ በባርነት የተያዘች፣ ተገዝታ ወይ ተማርካ የመጣች። ባርነት በሕግ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ ከአድዋ 46 ዓመት በኋላ። ስለዚህ «ስንቁን ማን ፈጨው?» ሲባል «ጀግኖች እናቶቻችን» ብለን አጨብጭበን ማለፍ አንችልም። ከፈጩት አንዳንዶቹ የዘመቱት ተገደው ነው፤ ድሉም የእነሱን ነፃነት አላመጣም። ይህን ስናገር አንዳንድ ሰው ይከፋዋል፤ እኔንም ከፍቶኛል። ግን ሴት የሚል አንድ ቃል ይዘን እመቤቲቱንና ገረዲቱን አብረን ከጠቀለልን፣ ትናንት የወንድ ታሪክ ብለን የወቀስነውን መልሰን ሠራነው። ጣና ዳር የሰፌድ ሥራዋን የምትሸጠው የወይጦ ማኅበረሰብ ሴትም እንደዚያው ናት፤ ቱሪስቱ ፎቶ ያነሣታል፤ እኛ ስሟን አንጠይቅም።

ልጨርስ ነው። ያቺ ተማሪ አሁን ትልቅ ሴት ሆናለች፤ ከተማ ውስጥ አልፎ አልፎ እንገናኛለን፤ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፤ እሷ ጥያቄውን ረስታዋለች። እኔ ግን የቤት ሥራዬን ቀይሬያለሁ። የካቲት ሲመጣ እያንዳንዱ ተማሪ ከቤቱ ወይ ከጎረቤቱ አንዲት አሮጊት መርጦ ስለ ሥራዋ ይጠይቃል፤ መቼ ጀመረች፣ ስንት ተከፈላት፣ ማን አስተማራት። ስለ ንጉሥ መጠየቅ ክልክል ነው።

ዛሬ ደግሞ ዕድለኛ ነኝ። ከኋላ ወንበር ላይ በጣሊያን የጦር ካሳ በተሠራው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካችን ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ እናቶች ተቀምጠዋል። ካሳው ስንት እንደነበርና ማን እንደፈረመ መጻሕፍቱ ላይ ይገኛል። ክሩን ስላዞረው እጅ ግን ፈልጌ ብዙ አላገኘሁም። ስለዚህ ጥያቄ ከናንተ ወደ እኔ ሳይሆን ከእኔ ወደ ኋላ ይሂድ። ልጆች፣ ስልካችሁን አውጡና ቅዱ። ማይኩን አቀብሉልኝ፣ ነጭ ነጠላ ለለበሱት እናት።

እማማ፣ ፋብሪካ የገቡ ዕለት የትኛው ማሽን ላይ ነበር ያስቀመጡዎት?