ካንጂው እስኪያልቅ አትጠብቁ

የተከበራችሁ መምህራን፣ እህት ወንድሞቼ፤

ጃፓንኛ ልትማሩ እንደሆነ ስትናገሩ «ፊደሉ አያልቅም» ተብላችኋል። ለዕለት ተዕለት ጽሑፍ የተወሰኑት ካንጂዎች፣ ማለትም ከቻይና የመጡት ትርጉም ያዘሉ ምልክቶች፣ 2136 መሆናቸው እውነት ነው። እንደ እኛ ፊደል ድምፅ የሚጽፉት ሂራጋናና ካታካና ግን መሠረታዊ ሆሄያቸው 46፣ 46 ብቻ ነው፤ እኛ 231 ቆጥረን ነው ያደግነው። አገራችንን በካታካና ኤ፣ ቺ፣ ኦ፣ ፒ፣ አ ብለው በ5 ሆሄ ይጽፏታል። እኛም «ኢትዮጵያ»ን በ5።

አንድ ልዩነት ልብ በሉ። የእኛ ከ፣ ኩ፣ ኪ መልካቸው የወንድማማች ነው፤ የሂራጋናዎቹ ካ፣ ኪ፣ ኩ ግን በመልክ አይገናኙም። ስለዚህ በተራ ብቻ አትሸምድዱ። የኔታ ሀሁን በዜማ የያዘውን ልጅ በአቡጊዳ እንደሚፈትኑት፣ እናንተም ሆሄውን አዘበራርቃችሁ አጥኑ። አንኪ የተባለው የካርድ ፕሮግራም በኮምፒውተርና በአንድሮይድ ስልክ ነፃ ነው፤ የረሳችሁትን ቶሎ፣ የያዛችሁትን ቆየት ብሎ ይጠይቃችኋል።

«ካንጂውን ልጨርስና አነባለሁ» አትበሉ፤ እለምናችኋለሁ። እኔ እንዲህ ብዬ ሁለት ዓመት አባክኛለሁ። አንዱ ካንጂ «ጋኩሴይ»፣ ተማሪ በሚለው ቃል ውስጥ «ሴይ» ይነበባል፤ «ኢኪሩ»፣ መኖር ሲሆን «ኢ»፤ ብቻውን ቆሞ ጥሬ ማለት ሲሆን ደግሞ «ናማ»። ይህን ሁሉ ከዝርዝር ሸምድጄ በማግሥቱ አጣሁት። የቀረልኝ በታሪክ መሐል ያገኘሁት ነው።

«ታዶኩ» ብዙ ማንበብ ማለት ነው። በዚህ ስም የሚታወቀው የጃፓን ማኅበር በደረጃ የተከፈሉ ትንንሽ መጻሕፍት በድረ ገጹ በነፃ ያስነብባል፤ ካንጂውን የሚያስነብብ ፉሪጋና የሚባል ደቃቅ ሆሄም አላቸው። ደንቡን እወደዋለሁ፦ ከቀላሉ ጀምሩ፣ መዝገበ ቃላት አትክፈቱ፣ ያልገባችሁን ዝለሉ፣ ካልሆነላችሁ ሌላ መጽሐፍ አንሡ። ስትጠነክሩ አኦዞራ ቡንኮ የሚባል የኢንተርኔት ቤተ መጻሕፍት አለ፤ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጎ ፈቃደኞች የቅጂ መብታቸው ያለፈ ሥራዎችን እየተየቡ ያኖሩበታል።

የመማሪያ መጽሐፍ ለሚፈልግ የጃፓን ፋውንዴሽን «ኢሮዶሪ» ከነድምፁ በነፃ ይወርዳል። ኢንተርኔት ያላችሁ ዛሬውኑ አውርዱት፤ ለሌላቸው በፍላሽ ገልብጡላቸው፤ የፊታችን ቅዳሜ የመጀመሪያውን ምዕራፍ እዚሁ ድምፃችንን ከፍ አድርገን አብረን እናነባለን።