ከስኒው በፊት የለቃሚዋ እጅ

ውድ የቡና ወዳጆች፣ እንደምን አመሻችሁ! ሥራ ውላችሁ፣ ደክማችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ጠረጴዛው ላይ ሦስት ቡና ቀርቦላችኋል። ከጓቲማላ፣ ከኮስታ ሪካና ከፓናማ ነው። ከቅምሻው በፊት ትንሽ ላውራችሁ። እኛ ቀማሾች ስለ አፈሩና ስለ ከፍታው ብዙ እናወራለን። ቡናውን የለቀመው ሰው ግን ይረሳል። እኔን ይሄ ያሳስበኛል።

የጓቲማላው የመጣው ሜክሲኮ ድንበር ላይ ካለው ከሁዌሁዌቴናንጎ ነው። ከሜክሲኮው የቴዋንቴፔክ ሜዳ የሚነሳ ደረቅና ሞቃት ነፋስ ተራራውን ከውርጭ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ቡናው እስከ 2,000 ሜትር ገደማ ወጥቶ ይበቅላል። እዚያ ላይ ፍሬው ሳይቸኩል ነው የሚበስለው። ስትቀምሱት ደስ የሚል ኮምጣጣነትና የፍራፍሬ ቃና ታገኛላችሁ። እዚያው ጓቲማላ ያለችው አንቲጓ ደግሞ ሦስት እሳተ ገሞራዎች ከብበዋት ሌላ ጣዕም አላት። ኮባን ዝናቡ ስለማያቆም ቡና ማድረቁ ራሱ ፈተና ነው። ይህ ሁሉ አንድ አገር ውስጥ ነው።

ታሪኩ ግን ያማል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1877 በፕሬዚዳንት ሁስቶ ሩፊኖ ባሪዮስ ዘመን የወጣ ሕግ የአገሩን ነባር የማያ ሕዝቦች በግዳጅ ወደ ቡና እርሻ ለመላክ በር ከፈተ። ባለእርሻው ገንዘብ ያበድራል፣ ሰውየው በዕዳው ተይዞ ይቀራል። ይህ የዕዳ አሠራር በ1934 ቀረ ተባለ። በምትኩ መሬት የሌለውን ሰው «ሥራ ፈት» ብሎ በግድ የሚያሠራ ሕግ መጣ። ጎረቤት ኤል ሳልቫዶርም በ1880ዎቹ መጀመሪያ የማኅበረሰቡን የጋራ መሬት በሕግ አስቀርታ ነበር፤ መሬቱ በጥቂት የቡና ባለቤቶች እጅ ገባ። በ1932 በምዕራቡ የቡና አካባቢ ገበሬዎች ሲያምፁ ወታደሩ በሳምንታት ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ገደለ። አብዛኞቹ ነባር ሕዝቦች ነበሩ።

ዛሬ ያ ሕግ የለም። ሚዛኑ ግን አለ። ጓቲማላ ውስጥ ለቃሚ የሚከፈለው በአብዛኛው በኩንታል ነው፤ የእነሱ ኩንታል 100 ፓውንድ ነው። ኮስታ ሪካ ደግሞ ካሁዌላ በሚሉት፣ 20 ሊትር በሚይዝ መስፈሪያ ይለካል። እስቲ አስቡት። አንድ ቅርንጫፍ ላይ ቀዩም አረንጓዴውም አብሮ አለ። እኛ ቀዩን ብቻ ነው የምንፈልገው። ለቃሚዋ አረንጓዴውን ስታልፍ ቅርጫቷ ቶሎ አይሞላም፣ የቀን ገቢዋ ይቀንሳል። ልጆቿን አስባ ጠራርጋ ብትለቅም ደግሞ እኛ ስኒው ላይ «ጥሬ ጥሬ ይላል» ብለን ነጥብ እንቆርጣለን። ለጥራቱ ከኪሷ የምትከፍለው እሷ ናት ማለት ነው። ለምርጫ ለቀማ በኪሎ ጨምረው የሚከፍሉ፣ ወይም የተወሰነ የቀን ደመወዝ የሚከፍሉ እርሻዎች አሉ። እነሱን ማገዝ አለብን። እኛም አገር በኪሎ የሚለቅሙ እህቶች ስላሉን ነገሩ አይጠፋንም።

የኮስታ ሪካው ቡና ታራሱ ከሚባለው አካባቢ ነው። ጥርት ያለ፣ ንጹሕ ጣዕም አለው። በለቀማው ወቅት ከፓናማ የንጎቤ ሕዝቦች ቤተሰባቸውን ይዘው ድንበር ያቋርጣሉ፤ ከኒካራጓም ብዙ ሰው ይመጣል። ድሮ ልጆቹ ከእናታቸው ጋር ቡናው መሃል ይውሉ ነበር። አሁን በአንዳንድ አካባቢዎች «የደስታ ቤቶች» የሚሏቸው መዋያዎች ተከፍተዋል። ልጆቹ ይበላሉ፣ ይጫወታሉ፣ ይማራሉ። ይህን ሳስብ ደስ ይለኛል፤ ማድረግ እንደሚቻል ያሳያላ!

ሦስተኛው ስኒ ዘሩ የእኛ ነው፤ ጌሻ። በ1930ዎቹ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ተሰብስቦ፣ በታንዛኒያ አልፎ፣ በ1953 ኮስታ ሪካ ቱሪያልባ ካለው የምርምር ማዕከል ደረሰ። በ1960ዎቹ የቅጠል ዝገት የሚባለውን የቡና በሽታ ይቋቋማል ተብሎ ወደ ፓናማ ገባ። ገበሬው አልወደደውም፤ ምርቱ ትንሽ፣ ቅርንጫፉ ተሰባሪ ነው። በ2004 ግን እዚያው ፓናማ ቦኬቴ ያለው ላ ኤስሜራልዳ እርሻ ለብቻው ለይቶ ለውድድር አቀረበው። የአበባ ሽታው ዳኞቹን አስደነቀ። ጨረታ ላይ አንዱ ፓውንድ በ21 ዶላር ተሸጠ፤ ያኔ ተሰምቶ የማይታወቅ ዋጋ ነበር። ከዚያ ወዲህ የፓናማ ጌሻ በኪሎ ከ10,000 ዶላር በላይም ወጥቷል። ቦኬቴ ላይ ይህን ፍሬ የሚለቅሙት በብዛት እነዚያው ንጎቤዎች ናቸው። ከእኛ ጫካ የሄደ ዛፍ ዛሬ ኑሮው በእነሱ እጅ ነው። ለዚህ ነው ጉዳዩ የሩቅ ሰው ጉዳይ የማይመስለኝ።

ከየስኒው አጠገብ አንድ ወረቀት ታያላችሁ። ከፍታው፣ ዝርያው፣ አዘገጃጀቱ ተጽፏል። እታች «የለቃሚ ክፍያ» የሚል መስመር ጨምሬበታለሁ። ሦስቱንም ሻጮች ጠይቄያቸው ነበር። ሁለቱ መለሱልኝ፣ የአንዱ መስመር ባዶ ነው። ነገ ቡና ለመግዛት ስትደውሉ ከዋጋው ጋር እሱንም ጠይቁልኝ። እኔም ነገ ጠዋት እንደገና እደውላለሁ።

ውሃው ፈልቷል። ማንኪያችሁን ያዙና ኑ።