የማን ታቦት ነው የተሸከምከው?

እሺ እንዴት ናችሁ፣ ዛሬ ድምፄ ከጎረነነባችሁ ይቅርታ፣ ቅዳሜ ሙሉ ቀን "ሶያ! ሶያ!" እያልኩ ስጮህ ስለዋልኩ ነው። ቀኝ ትከሻዬንማ ተዉት፣ ሸሚዝ ሲነካው ራሱ ነፍሴ ነው ምትወጣው።

ያው ቶኪዮ እንደምኖር ታውቃላችሁ። አሳኩሳ ሚባለው ሰፈር በየዓመቱ በሜይ ሦስተኛው ዊክኤንድ ሳንጃ ማትሱሪ ሚሉት በዓል አለ። እስካሁን ዳር ቆሜ በስልኬ ስቀርፅ ነው የኖርኩት፣ ዘንድሮ ግን ምሳ ምገዛባቸው ሴትዮ፣ 70ን ያለፉ ናቸው፣ "አንተ ረጅም ነህ፣ ና ተሸከም" አሉኝ።

ሚሸከሙት ሚኮሺ ይባላል፣ በወርቅ ያጌጠ ትንሽዬ መቅደስ በሉት፣ ረጃጅም እንጨት ላይ ታስሮ በሰው ትከሻ ይዞራል፣ ተሸካሚው "ሶያ! ሶያ!" እያለ። ቅዳሜ 100 ገደማ የየሰፈሩ ሚኮሺ ይወጣል፣ እሁድ ደግሞ ትልልቆቹ ሦስቱ፣ አንዱ ብቻ ወደ አንድ ቶን ነው። ዝም ብሎ ዘው ማለት የለም፣ ሀንተን ሚሉትን የሰፈሩ ምልክት ያለበትን አጭር ካፖርት ነገር ካልለበስክ ማንም አያስጠጋህም። የኔ እጅጌ ክርኔ ጋ ቀረ፣ ሴትዮዋ በሳቅ ሞቱ።

እኔ ያደግኩት በጥምቀት ታቦት አጅቤ ጃንሜዳ እየወረድኩ ነው። ካህኑ በራሱ ተሸክሞ ቀስ ብሎ ይሄዳል፣ እኛ ከኋላ እልል፣ መንካት ማን አስቦት። እነዚህ ግን ሆን ብለው ያናውጡታል፣ ወደላይ ወደታች፣ ውስጡ ያለው የአምላካቸው መንፈስ ሲናወጥ ይበረታል ነው ሚሉት፤ መጀመሪያ ያየሁ ቀን ሊጥሉት ነው ብዬ ክው ብዬ ነበር። ዕድሜ ልኬን ከሩቅ ያጀብኩ ሰውዬ አሁን የሰው አገር አምላክ ትከሻዬ ላይ።

ቁመት ደግሞ ጉድ ሰራኝ። ከፊትም ከኋላም ያሉት ከኔ ስለሚያጥሩ እንጨቱ ሁሌ ሚያርፈው እኔ ላይ ነው፣ ጉልበቴን አጠፍ አድርጌ ልሂድ ብል ሀያ ሜትር ሳልሞላ ጭኔ ተንቀጠቀጠ። ከፊቴ ያሉት ሽማግሌ ማጅራታቸው ሥር እንቁላል ምታክል እብጠት አለቻቸው፣ ከዓመታት ሸክም የወጣች፣ ሚኮሺ ዳኮ ይሏታል፣ እንጨቱ እሷ ላይ ቁጭ ብሎ ሰውዬው ምንም አልመሰላቸው።

ግን የከበደኝ እንጨቱ ብቻ አይደለም። ማተብ ያሰርኩ ሰው ነኝ፣ ይሄ ነገር ይፈቀድልኛል ወይ እያልኩ አርብ ሌሊት ሳልተኛ ነው ያደርኩት። ታሪኩን ሳነብ ትንሽ ቀለል አለኝ፤ ሳንጃ ማለት ሦስቱ መቅደስ ነው፣ በ628 ሁለት ወንድማማች ዓሣ አጥማጆች ከሱሚዳ ወንዝ የካኖንን፣ ቡዲስቶቹ የምሕረት እመቤት ሚሏትን፣ ምስል በመረብ አወጡ፣ አንድ የመንደሩ ትልቅ ሰው ደግሞ ቤቱን መቅደስ አደረገላት ይባላል፣ እዛ ሚከበሩት እነዚህ ሦስቱ ናቸው። ዓሣ አጥማጅ ሲባል እኛ እነማን ትዝ እንደሚሉን ታውቃላችሁ። መልስ ነው አላልኩም፣ የንስሐ አባቴንም አልጠየቅኩም፣ እውነቱን ለመናገር ፈርቼ ነው።

ሲያልቅ ሁሉም አብሮ ያጨበጭባል፣ ሦስት ሦስት ሦስት ከዛ አንድ፣ እኔ አንድ ጨመርኩና ብቻዬን ጧ!

ማታ እማዬ ጋ ደወልኩ፣ ቪድዮውን ልኬላት ነበር። "የማን ታቦት ነው የተሸከምከው?" አለች። "የዓሣ አጥማጆች" አልኳት። ዝም አለች፣ ኔትወርክ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ ስል፣

"ትከሻህን ቅቤ አስነካኸው?"